ዳኛው ልክ ከሆነ

የክለብ ስም አልጠራም። ደባርቅ ውስጥ የክለብ ስም መጥራት ጠብ መጫር ነው፤ ስለዚህ ቀዮቹ፣ ሰማያዊዎቹ፣ ነጮቹ እያልሁ አልፈዋለሁ። የሚያውቀኝ ሰው የትኞቹን ማለቴ እንደሆነ አይጠፋውም። የማያውቀኝም ቢሆን ከተማሪነቴ ጀምሮ ልቤን ሲያቃጥሉት የኖሩት ቀዮቹ መሆናቸውን ብዙ ሳይሄድ ይደርስበታል።

በኳስ ጉዳይ አስተያየቴን የምሰጠው ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። በነዳጅ ገንዘብ ተጫዋች ሰብስቦ ዋንጫ መብላት በሰው በሬ አርሶ ጎበዝ ገበሬ ነኝ እንደማለት ነው እላለሁ። ነጮቹ ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ ተኝተው በዘጠናኛው አግብተው ሲወጡ ሰው ሁሉ "ልምድ ነው" ይላል፤ እኔ ዕድል ነው እላለሁ፤ እስካሁንም አልተውሁም። ከተጫዋች የምወደው ተከላካይ ነው፤ ያውም ማንም ማሊያውን የማይለብስለትን፣ ኳስ ከመስመር ላይ አውጥቶ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደ ቦታው የሚመለሰውን። አጥቂ አላምንም። ሳይነኩት ወድቆ አራት ጊዜ የሚንከባለለውን ሳይ ደሜ ይፈላል። ከሊማሊሞ የተንሸራተተች በቅሎ እንኳ እንደዚያ አትንከባለልም።

ዳኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳኛ ለእኔ ሰው አልነበረም። በቀዮቹ ላይ ሊፈርድ ከቤቱ ምሎ የወጣ ጠላት ነበር። ቀዮቹ ሲያሸንፉ ዳኛ መኖሩን አላስተውልም፤ ሲሸነፉ ግን የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው። ቫር የሚሉት የቪዲዮ ዳኝነት መጥቶ ዳኛው ወደ ስክሪን እየሮጠ ደግሞ ማየት ሲጀምር "እፎይ፣ አሁን ይሻለናል" ብዬ ነበር። አልተሻለኝም፤ አንድ የነበረው ጠላቴ ሦስትና አራት ሆነ። ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ሳስረዳ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ልክ ማለት ለቀዮቹ የሚጠቅመው ብቻ ነበር። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ኳስ የምናይበት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ መቀመጫው በድንጋይ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ደመናው ከተራራው ሲወርድ ጭጋጉ በበሩ ሥር ይገባና ሁላችንም ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ስበን እናያለን። የቤቱ ባለቤት ኳስ አይወድም። ይህን ያህል ዓመት ኳስ እያሳየ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። "አንዲት ነገር ያባርራሉ፣ ሲደርሱባት ይረግጧታል" ይላል። እኔ ዓይኔ ከሩቅ ደኅና ስለማያይ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው አግዳሚ ላይ ነው።

ከአጠገቤ የሚቀመጠው ልብስ ሰፊው ነበር። ከዳባት ተዛውሬ የመጣሁ ሰሞን፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ አይቶ፣ ካፖርቴን ከውስጥ በበግ ቆዳ የለበጠልኝ ሰው ነው። እሱ ሰማያዊዎቹን ይደግፋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ተጣልተን እሑድ አንድ ላይ ምሳ በልተናል። ሰማያዊዎቹ ሲያሸንፉ ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሰማያዊ ክር በአንገቱ አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚያስኬደኝ ሌላ ደኅና መንገድ የለም። ቀዮቹ ሲያሸንፉ ደግሞ እኔ ሥራ ሳይኖረኝ አምስት ጊዜ በሱቁ ፊት አልፋለሁ።

እሱና ሚስቱ ልጅ ፈልገው ስምንት ዓመት ጠብቀዋል። ጸበሉም፣ ሐኪሙም፣ ስለቱም ቀርቶ አያውቅም። ፅንሱ ሰባት ወር ሲሞላው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከክፍል አስጠራኝና በሩ ላይ ቆሞ "አበልጅ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ግን ደግሞ እንዲለው ስለፈለግሁ ዝም አልሁ።

"ወንድ ከሆነ ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ አበልጄ ነህ" አለኝ።

አበልጅ ማለት በእኛ አገር ከሥጋ ዘመድ አያንስም። ክርስትና ያነሳ ሰው ለልጁ አባት ነው፤ ለአባቱም ወንድም ነው። እኔ ደባርቅ ውስጥ አንድም የሥጋ ዘመድ የለኝም፤ ልጅም የለኝም። የዚያን ቀን ወደ ክፍል ተመልሼ ያስተማርሁትን ነገር ዛሬ አላስታውሰውም።

ልጁ ወንድ ሆነ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው። ጎንደር ወርጄ ነጭ ጨርቅ ገዝቼ አመጣሁና ለአባቱ ሰጠሁት፤ የክርስትናውን ልብስ ራሱ እንዲሰፋው ተስማማን።

ልጁ በተወለደ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ ገጠሙ።

ጨዋታውን አላወራም። አንድ ለአንድ ነበሩ። መጨረሻው ላይ ሰማያዊው አጥቂ ሲመታ የእኛ ተከላካይ ተንሸራቶ ገባበት፤ ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች። ያ ተከላካይ እኔ የምወደው ዓይነት ነው፤ ማሊያው የማይሸጥ። ዳኛው ጆሮውን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ሮጠ፤ አየና ተመልሶ ወደ ነጥቧ ጠቆመ። እጅ ነው አለ። ፔናሊቲ።

አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ከኋላዬ "ውረድ፣ ጋረድኸን" እያሉ ይጮኻሉ፤ እኔ ዳኛውን እየሰደብሁ ነው። ልብስ ሰፊው ጋቢዬን ይዞ እየሳቀ "ልክ ነው እኮ፣ ተቀመጥ አበልጅ" አለኝ። ሳቁ ነው ያሳበደኝ። ዘወር ብዬ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣ እንዲህ አልሁ፦

"ይህ ዳኛ ልክ ከሆነ ልጅህን ክርስትና አላነሳም! ባነሳ እንደ ይሁዳ ያርገኝ!"

ስድብ ቢሆን ይሳቅ ነበር። መሐላ ሲሆን ግን፣ ያውም በይሁዳ፣ ማንም አይስቅም። ልብስ ሰፊው እጁን ከጋቢዬ ላይ አንሥቶ አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ወደ ስክሪኑ ዞርሁ፤ ድርጊቱን ደግመው እያሳዩ ነበር። መጀመሪያ ከሩቅ አሳዩት፤ ምንም አይታይም። ቀጥሎ በሌላ ካሜራ፣ ከጎሉ ጀርባ፣ በዝግታ አሳዩት። ከስክሪኑ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበርሁ። ኳሷ የተከላካዩን ጣቶች ነካች። ጣቶቹ ወደ ኋላ ሲታጠፉ አየሁ። እጁን ዘርግቶት ነበር።

መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። "አልነካውም! አያችሁ፣ አልነካውም!" እያልሁ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አሁንም አላውቅም። አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ባለቤቱ ጀኔሬተሩን አስነስቶ ምስሉ ሲመለስ ሰማያዊዎቹ አግብተው ሲተቃቀፉ አየን፤ ወዲያው ጨዋታው አለቀ።

በዚያ ሰሞን በከተማችን ኢንተርኔት አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ድርጊቱ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ይገኝ ነበር። አሁን የቀረው ሰው አየሁ የሚለው ብቻ ነው። በሌላው ኳስ ቤት ያዩትም ቢጠየቁ የቀዮቹ ደጋፊዎች "አልነካውም"፣ የሰማያዊዎቹ "ነክቶታል" አሉ። ከእኛ ቤት ደግሞ እኔ አግዳሚው ላይ ተገትሬ ስለነበር ሁለተኛውን ካሜራ ደኅና አድርጎ ያየ የለም። እኔ ብቻ ነበርሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነገሩ እንደ ቀልድ ሄደ። "መምህር፣ ይሁዳ ደኅና ነው?" እያሉ ያልፋሉ። ዓርብ ቀን ግን ልብስ ሰፊው ቤት ሄጄ ለአራሷ የማር ዕቃ ሳስቀምጥ፣ ሕፃኑን እንደ ልማዴ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው።

"መምህር፣ አይቀየሙኝ" አለች። "ስምንት ዓመት ነው የጠበቅሁት። መሐላ ያለበት ሰው አይዘውም።"

"የኳስ ነገር እኮ ነው" አልኋት።

"የይሁዳ ስም የኳስ ነው?"

ቤት ውስጥ የነበሩት ጎረቤት ባልቴት "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አሉ፤ ማንንም ሳያዩ ነው ያሉት። ልብስ ሰፊው ተነሥቶ እስከ ውጭ ሸኘኝ። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ካሰበ በኋላ "መሐላህ ዳኛው ልክ ከሆነ ነው ያልኸው አይደል?" አለኝ።

"ነው።"

"እንግዲያ ልክ ካልሆነ መሐላው የለም።"

"የለም።"

"በቃ" አለና ተመለሰ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ነበር። ከአምቢኮ፣ ከደረስጌ፣ ከየገጠሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ለመጣ ለሄደው "ዳኛው ተሳስቷል" ይላል። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ይነግራል፤ ኳስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ገብስ ሻጭ ይነግራል። "እኔ ሰማያዊ ነኝ፤ ያ ፔናሊቲ ግን ልክ አይደለም። ኳሷ ደረቱን ነው የመታችው።" የሰማያዊዎቹ ደጋፊዎች መጀመሪያ ያሾፈ መሰላቸው። እንዳላሾፈ ሲያውቁ ተቆጡ። ያ ጨዋታ ለእነሱ የዓመቱ ድል ነበር። "ከሃዲ" አሉት። ኳስ ቤት ውስጥ ከመካከላቸው አስነሡት። ልጆቻቸውን ልብስ ለማሰፋት ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ የወሰዱም ነበሩ። በአንገቱ የሚያንጠለጥላት ሰማያዊ ክር ጠፋች።

እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ። በሱቁ ፊት ሳልፍ ቀና ብሎ "ይዘነዋል አበልጅ፣ አይዞህ" ይለኛል። ያን ሰው አቁሜ "አየሁት፣ ነክቶታል" ማለት ነበረብኝ። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ብነግረው ልጁን አጣለሁ። ባልነግረው ልጁን በሐሰት ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። እነዚህን ሁለቱን እያወጣሁ እያወረድሁ እንቅልፍ አጣሁ፤ የተማሪ ፈተና ሳርም ልክ የሆነውን ሁሉ ስህተት እያልሁ አንድ ሙሉ ክፍል ጥዬ ነበር፤ ተማሪዎቹ ናቸው ያስተዋሉት።

አንድ ጊዜ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ነበር። እጁ በሰውነቱ አጠገብ ከሆነ ጥፋት አይደለም፣ ሕጉ ራሱ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው አይስማሙበትም እያልሁ ለራሴ ተከራከርሁ። ጥሩ ክርክር ነው። ሌላ ዳኛ ላይ ባነሣው እረታ ነበር። ግን እጁን ዘርግቶት እንደነበር አይቻለሁ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። የአራሷ ልብ አልረጋ ስላለ የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። የደረስጌ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጅ ጆሯቸው ቀጥ ያለ ነው። ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊው ቤት ተሰበሰብን፤ እሳቸው፣ ባልና ሚስቱ፣ እኔ፣ የመሐላውን ቃል የሰማ ምስክር ተብሎ ደግሞ የኳስ ቤቱ ባለቤት። የሰፋው ነጭ ልብስ ተጣጥፎ መደብ ላይ ተቀምጧል። ከጫፉ ጥልፍ አድርጎበታል፤ ጥልፍ እንዲያደርግ አልነገርሁትም ነበር።

ቄሱ መጀመሪያ የኳስ ቤቱን ባለቤት ጠየቁ። እንደሰማው አድርጎ ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከዚያ ዳኛው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

"እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ነው፣ አባ" አለ ልብስ ሰፊው።

"እናንተን ያውቃል?"

"አያውቀንም።"

"እሱ ሳያውቃችሁ ነው እንዲህ የሆናችሁ?" አሉ።

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ቆመ። ነጠላውን አጣፋ። "አባ፣ እኔ ሰማያዊ ነኝ፤ ይኸን አገር ያውቃል። ያ ፍርድ ለእኛ ነው የተፈረደው። ግን ልክ አልነበረም። ኳሷ ደረቱን ነው የመታችው። ዳኛው ልክ ስላልሆነ መሐላው አልያዘም።"

"አንተ አየኸው?"

"አየሁት።"

የኳስ ቤቱ ባለቤት ጉሮሮውን ጠራረገ። ያ ሰው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስክሪኑን አያይም፤ የሚያየው እኛን ነው። "ምኑን አየኸው?" አለው። "አንተ አንገትህን ደፍተህ ነበር፤ የኋላዎቹ 'ውረድ ጋረድኸን' እያሉ መምህሩ አግዳሚው ላይ ቆሟል። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ያየ ሰው ቢኖር መምህሩ ብቻ ነው።"

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደኅና ስለማያየኝ ነው መሰለኝ ትንሽ ጠጋ አሉ።

"ስማኝ ልጄ" አሉ። "ነገ ሕፃኑን ይዘህ ወደ ምዕራብ ትዞርና ሰይጣንን እክዳለሁ ትላለህ። ወደ ምሥራቅ ትዞርና አምናለሁ ትላለህ። የምትናገረው ስለ ራስህ አይደለም፤ ልጁ አፍ ስለሌለው አንተ አፍ ትሆነዋለህ። የኳሱን ነገር እኔ አላውቀውም፤ እነዚህም አላዩትም። የማልኸው አንተ ነህ፤ ያየኸውም አንተ ነህ። ምን አየህ?"

ልብስ ሰፊው እያየኝ ነው። ከመቶ ሰው መካከል አውቀው ነበር ያን አስተያየት፤ ሰማያዊዎቹ አንድ ለባዶ እየመሩ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው እንደዚያ ነው ስክሪኑን የሚያየው። ሚስቱ ልጁን ይዛ አንገቷን ደፍታለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እንኳን አንድ፣ ስለ ዳኛ ሺህ ቃል ስናገር ነው የኖርሁት።

"ነክቶታል፣ አባ" አልሁ። "ኳሷ እጁን ነክታለች። ጣቶቹ ሲታጠፉ አይቻለሁ። ዳኛው ልክ ነበር።"

በሕይወቴ ስለ ዳኛ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ቄሱ መሐላው እንደሚፈታ፣ የሚፈታው ግን በቀኖና እንደሆነ፣ ቀኖናው ደግሞ በአንድ ቀን እንደማያልቅ ነገሩኝ። "አርባው ነገ ነው" አሉ። "አርባ አይቆይም። ሌላ ሰው ያነሳዋል።" በቁጣ አልተናገሩትም፤ እጃቸውንም ጭንቅላቴ ላይ አድርገው ነበር።

ልብስ ሰፊው እስከ ውጭ ተከተለኝ። ሊሸኘኝ አልነበረም።

"እኔ ቡድኔን ካድሁልህ" አለኝ። "አገር ሁሉ ከሃዲ አለኝ፤ ቻልሁት። አንተ ለልጄ ስትል አንድ የእንግሊዝ ዳኛ መካድ አቃተህ?"

"አቃተኝ" አልሁት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እንዴት ትችልበት ነበር?"

ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስሁለትም። ገባና በሩን ዘጋው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ አየሁ። ልጁን ያነሳው የኳስ ቤቱ ባለቤት ነው። ምስክር ሆኖ በመጣበት፣ ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ስላልነበረ፣ እሱ ሆነ። እኔ የገዛሁትን ነጭ ልብስ የለበሰ ልጅ፣ ኳስ በማይወድ ሰው እጅ ላይ ሆኖ ከቤተ መቅደስ ሲወጣ አየሁት። በአንገቱ ማዕተቡን አስረውለታል። እልል ሲባል እኔም አልሁ፤ ወንድ እልል አይልም እንዳትሉኝ፤ አልሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

ቀኖናዬን በተባልሁት ቀን ጨረስሁ። ቄሱ ፈቱኝ። ልብስ ሰፊው ግን አልፈታኝም። ኳስ ቤት ውስጥ የሰማያዊዎቹ ሰዎች ይቅር ብለው ወደ መካከላቸው መለሱት፤ የቀድሞ ቦታው፣ ከእኔ ጎን ያለችው፣ ባዶ ቀረች። ማንም አይቀመጥባትም ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንደምን ዋሉ መምህር" ይለኛል። በአንቱታ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው። ስድብ ይሻለኝ ነበር። በስፌት መኪናው ፊት ላለማለፍ ብዬ መናኸሪያውን ዞሬ በጭቃው በኩል ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርሁ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠብኝ፤ ለማንም አልተናገርሁትም። አግዳሚ ላይ መውጣት ተውሁ። ዳኛ ሲፈርድ እንደ ድሮው ደሜ ይፈላል፤ ግን እስኪያሳዩት ድረስ አፌን እይዛለሁ። ካየሁ በኋላ ሰው ቢጠይቀኝ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ለቀዮቹ ደጋፊዎች ይህ በሽታ መስሏቸው ነበር። "መምህር ቀዘቀዘ" አሉ። አልቀዘቀዝሁም። ነጮቹ አሁንም ዕድለኞች ናቸው፤ በነዳጅ የተገዛ ዋንጫም አሁንም ዋንጫ አይደለም።

ዓመቱ ዞረ። ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ ደግሞ ገጠሙ። ቤቱ እስከ በሩ ሞልቷል፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ፣ ከሰማያዊዎቹ መካከል ነው። ዜሮ ለዜሮ እያሉ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የእኛ ክንፍ ተጫዋች ሳጥን ውስጥ ወደቀ። ዳኛው ወደ ነጥቧ ጠቆመ። ፔናሊቲ ለቀዮቹ።

ከኋላ ጩኸቱ ቆርቆሮውን ነቀነቀው። "ራሱ ነው የወደቀ! ሌባ ዳኛ!" ይላሉ። የእኛዎቹ ደግሞ ቆመው ይጨፍራሉ። ስክሪኑ በዝግታ አሳየው። ከፊት ነበርሁና አየሁት፤ የሰማያዊው ተከላካይ እግር ቁርጭምጭሚቱን መታው።

"መምህር!"

ከኋላ ነው የመጣው፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። ልብስ ሰፊው ቆሟል። አንድ ጊዜ ከጠራኝ በኋላ ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ የሆነውን ሁሉ የማያውቅ እዚያ ውስጥ አልነበረም። የኳስ ቤቱ ባለቤት እንኳ ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ዞረ።

"ነክቶታል ወይስ አልነካውም?" አለኝ።

አልነካውም ብል ምናልባት ይታረቀኝ ነበር። ይህ በልቤ አልፏል፤ አልክድም።

"ነክቶታል" አልሁ። "ቁርጭምጭሚቱን ነው። ልክ ነው።"

"ለቡድኑ ነው!" ብሎ አንዱ ሰማያዊ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ ጩኸቱ እንደገና ሊነሣ ሆነ። ልብስ ሰፊው እጁን ወደ ታች አደረገ።

"ዝም በሉ" አላቸው። "አበልጄን እኔ አውቀዋለሁ። በዳኛ አይዋሽም።"

ከዚያ በሰዎቹ ጉልበት መካከል እየተሻገረ ወደ ፊት መጣና ከጎኔ፣ በባዶዋ ቦታ ላይ ተቀመጠ። "ጠጋ በል እንጅ" አለኝ። ጠጋ አልሁለት። ፔናሊቲው መግባቱን ያወቅሁት ከጩኸቱ ነው።